ወፎች ከማን ይሸሻሉ? ወደ ማንስ ይቀርባሉ?

(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ትምህርት)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይውረድ።



የዛሬው ትምህርታችን ከአንዲት ሕፃን ጥያቄ የተነሳ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። ከሰፌዱ የሚወድቀውን ፍሬ ፍለጋ ድንቢጦችና ዋኔዎች እግሯ ሥር ድረስ ይመጣሉ። አንዳንዴም ደፈር ያለች ድንቢጥ የሰፌዱ ጠርዝ ላይ ታርፋለች። እናቴ ሥራዋን አታቋርጥም፤ ወፎቹም አይሸሹም። የአሥር ዓመቱ ልጄ ከቤት ብቅ ሲል ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ብር ብለው ይጠፋሉ። ታናሽ እህቱ ይህን ስታይ ከርማ ኖሮ አንድ ቀን፣ "አባዬ፣ ወፎቹ እማማን ሳይፈሩ ወንድሜን ለምን ይፈሩታል?" ብላ ጠየቀችኝ።

መልሱን ወንድሟም እኔም እናውቀዋለን። ኪሱ ውስጥ ከእንጨት ባላና ከጎማ ላስቲክ የተሠራ ወንጭፍ ነበረ።

ጥያቄዋ ቀላል ብትመስልም ትልቅ ቁም ነገር ይዛለች። የዱር ወፍ ጎረቤታችን ናት። አናስራትም፤ ቀለቧንም አንሰፍርላትም። ወደኛ ብትቀርብ በገዛ ፈቃዷ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ቤት መቅረቧ ወይም ከአንድ ቤት መሸሿ ስለዚያ ቤት ሰዎች የምትሰጠው ምስክርነት ነው። ይህን ምስክርነት እስቲ በጋራ እንመርምረው።

መመልከቱ ከየት የመጣ ነው?

ወፍ መመልከት የፈረንጆች ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚሉ ወንድሞች አጋጥመውኛል። ባይናኩላር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ሐይቆቻችንና ወደ ተራሮቻችን የሚመጡ ቱሪስቶችን ስለምናይ እንዲህ ቢባል አይገርምም። ነገር ግን ቁርኣንን የከፈተ ሰው ወፎችን በብዙ ቦታ ያገኛቸዋል።

በሱረቱል ሙልክ አንቀጽ 19 አላህ (ሱ.ወ) ሰዎች ከበላያቸው ክንፎቻቸውን የሚዘረጉትንና የሚሰበስቡትን ወፎች ለምን እንደማያስተውሉ ይጠይቃል፤ ከአር-ረሕማን በስተቀር የሚይዛቸው እንደሌለም ያስታውሰናል። በሱረቱን ነሕል አንቀጽ 79 ይህንኑ ካነሳ በኋላ ለሚያምኑ ሰዎች ተዓምር መሆኑን ይገልጻል። በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 38 በሁለት ክንፎቻቸው የሚበሩት ሁሉ እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ይነግረናል። በሱረቱን ኑር አንቀጽ 41 ደግሞ ወፎች ክንፎቻቸውን ዘርግተው አላህን እንደሚያጠሩና እያንዳንዱም የራሱን ሶላትና ተስቢሕ እንደሚያውቅ እናነባለን።

የአደም ልጅ ወንድሙን ገድሎ ሬሳውን ምን እንደሚያደርገው በጠፋው ጊዜ መሬት እየጫረ መቅበርን ያሳየው ቁራ ነው። ነብዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ወፎችን ሲቆጣጠሩ ጎድሎ ያገኙት ሁድሁድ ከሰበእ ምድር የተረጋገጠ ወሬ ይዞ መጣ። የአብረሃን ሠራዊት የመቱትም ወፎች ነበሩ። እንግዲህ ቀና ብሎ ወፍን ማስተዋል ከውጭ የተዋስነው ነገር አይደለም። አላህ ያዘዘን ተፈኩር ነው፤ በቸልታችን ጥለነዋል እንጂ የራሳችን ነው።

አየር ላይ የያዛቸው ማን ነው?

ሱረቱል ሙልክ ክንፍ መዘርጋትንና መሰብሰብን ለያይቶ ማንሳቱን ልብ እንበል። ሰማዩን ያስተዋለ ሰው ሁለቱንም ያያል። ድንቢጥ ክንፏን ቶሎ ቶሎ እያርገበገበች ትበራለች። ጥንብ አንሳ፣ ንስርና ሽመላ ግን ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያርገበግቡ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋሉ። ፀሐይ መሬትን ስታሞቅ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል። እነዚህ ወፎች በዚያ አየር ውስጥ እየዞሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያ ተንሸራተው ወደ ሌላ ሞቃት አየር ይሻገራሉ። ጥንብ አንሶች በማለዳ የማይነሱትና ረፋድ ላይ ከፍ ብለው የሚታዩት ለዚህ ነው። መሬቱ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1973 በምዕራብ አፍሪካ በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ አንድ አውሮፕላን ከጥንብ አንሳ ጋር ተጋጨ። ከፍታው ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ጥንብ አንሳ፣ በሳይንሱ የሩፔል ጥንብ አንሳ የሚባለው፣ በእኛም አገር ይገኛል። ሰው ያለ ኦክስጅን ራሱን በሚስትበት ከፍታ ላይ ይህ ፍጡር ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል። ሱብሐነላህ!

በየዓመቱ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ወፎች ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ። ሽመላዎች፣ ንስሮችና ሌሎች ትላልቅ ተንሳፋፊ ወፎች በተቻላቸው መጠን ሰፊ ባሕርን ይሸሻሉ። ውኃ ላይ ያ የሚያነሳቸው ሞቃት አየር እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው። በመሆኑም ጠባብ መሻገሪያ ይመርጣሉ። ከነዚህ አንዱ በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለው ባበል መንደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር ጅቡቲ ላይ ሆነው የቆጠሩ ሰዎች ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ አሞራዎች ሲሻገሩ ተመልክተዋል። በቀይ ባሕርና በስምጥ ሸለቆ መስመር በጠቅላላው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተንሳፋፊ ወፎች እንደሚመላለሱ የወፍ አጥኚዎች ይናገራሉ።

የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች አማን ፍለጋ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ያቋረጡት ይህንኑ ቀይ ባሕር ነበር። ዛሬም ከመስከረም ጀምሮ በሐይቆቻችን ዳር የምናያቸው ብዙዎቹ ወፎች ባሕርና በረሃ ተሻግረው የመጡ እንግዶች ናቸው። እንግዳን በድንጋይ መቀበል ደግሞ ከሙስሊም አይጠበቅም።

ወፎች ሰውን ለይተው ያውቃሉ

ወደ ልጄ ጥያቄ እንመለስ። ማንኛዋም የዱር ወፍ ሰው ሲቀርባት ለመሸሽ የምትነሳበት ርቀት አላት። ይህ ርቀት አንድ ወጥ አይደለም። በምትታደንበት ቦታ ገና ከሩቅ ትነሳለች። በማትነካበት ቦታ ሁለት እርምጃ ያህል እስኪቀርብ ትጠብቃለች። ወፏ ያው አንድ ዓይነት ናት፤ ልዩነቱ ያለው ከሰዎቹ ዘንድ ነው።

አንዳንድ ወፎች እንዲያውም የሰውን ፊት ይለያሉ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጭምብል አጥልቀው ቁራዎችን ያዙና ምልክት አድርገው ለቀቋቸው። ከዚያ በኋላ ያንን ጭምብል ያጠለቀ ማንም ሰው በግቢው ሲያልፍ ቁራዎቹ ይጮኹበት ጀመር። ሌላ ጭምብል ላጠለቀ ሰው ግን ግድ አልነበራቸውም። ዓመታት አልፈው እንኳ አልረሱም፤ በጊዜው ያልተያዙትም ከሌሎቹ ተምረው ይጮኹ ነበር። እናቴንና ልጄን የለዩት የግቢያችን ወፎችም እንዲሁ በራሳቸው መንገድ የሚያውቁትን ያውቃሉ።

በአገራችን ወፎች ለሰው የሚቀርቡባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል በተባለው ቦታ ዓሣ አጥማጆች ዓሣቸውን ሲያጸዱ አባ ኮዳዎች እንደ ደንበኛ ከበው ይቆማሉ። አባ ኮዳ ሲቆም እስከ አንድ ሜትር ተኩል ስለሚደርስ ሕፃን ልጅ አጠገቡ ቆሞ ዓይን ለዓይን ሊተያይ ይችላል። በሐረር ጁገል የሥጋ ገበያ ጭልፊቶች ከላይ እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ ቁራጭ ሥጋ የያዘ እጅ ሲዘረጋላቸውም ወርደው ላፍ ያደርጋሉ።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን የማር መሪዋ ወፍ ነገር ነው። ይህች ትንሽ ወፍ የንብ ቀፎ ያለበትን ዛፍ ታውቃለች፤ ነገር ግን ሰብራ መክፈት አትችልም። ሰው ደግሞ መክፈት ይችላል፤ ቦታውን ግን አያውቅም። ስለዚህ ወፏ ወደ ሰው መጥታ እየጮኸች ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ትመራዋለች። ሰውየው ማሩን ይወስዳል፤ ሰሙና እጩ ለእርሷ ይቀራል። ቦረናዎች በኢትዮጵያም በኬንያም ድንበር ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ኬንያዊው ተመራማሪ ሑሴን ኢሳቅ ከአንድ ባልደረባው ጋር በኬንያ ቦረናዎች ዘንድ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት፣ ማር ፈላጊዎች በማያውቁት አካባቢ ያለ ወፏ አንድ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅባቸው በወፏ እየተመሩ ግን 3.2 ሰዓት ብቻ እንደሚበቃቸው አሳይቷል። ልብ በሉ! ይህች ወፍ አልተገራችም፤ አልታሰረችም። ሰው አይጎዳኝም ብላ ነው የምትመጣው።

የሐረም እርግቦች

ሐጅ ወይም ዑምራ ያደረጋችሁ ወንድሞችና እህቶች የመካን እርግቦች ታስታውሳላችሁ። የማንም ንብረት አይደሉም። በሺዎች በሚቆጠር ሰው መሐል እግር ሥር ይመላለሳሉ፤ ከሑጃጁ አጠገብ ጥሬ ይለቅማሉ። በአገራቸው ወፍ ሲሸሽ ብቻ ያዩ ሰዎች ይህን ሲያዩ ይደነቃሉ።

ምክንያቱን ግን እናውቀዋለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መካ በተከፈተችበት ዕለት ከተማዋ ሐረም መሆኗን ሲያውጁ አውሬዋና ወፏ እንዳይባረር ጭምር ከልክለዋል። ቡኻሪ በዘገቡት መሠረት ዒክሪማህ የዚህን ክልከላ ትርጉም ሲያስረዱ እንስሳውን ከጥላው አስነስቶ በቦታው መቀመጥን እንደሚያካትት ተናግረዋል። መግደል ይቅርና ከጥላው ማስነሳት እንኳ! ከ1400 ዓመታት በላይ በዚህ ሕግ ሥር የኖሩ ወፎች ሰውን ባይፈሩ ምን ይገርማል?

የሐረም ሕግ ለሐረም ነው፤ በሌላ ቦታ ወፍን ለምግብ ማደን ሐላል መሆኑ የታወቀ ነው። ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው። ሐረም ያሳየን ነገር ቢኖር የወፍ መቅረብ የአማን ፍሬ መሆኑን ነው። ወፍን ለማቅረብ ወጥመድ አያስፈልግም። አማን መስጠትና መታገሥ ይበቃል።

አማንን ስናፈርስ

ይህን ስናገር ከወቀሳው ራሴን ነጻ ላደርግ አልችልም። ልጅ ሳለሁ ወሎ ውስጥ ቁርኣን በምቀራበት ጊዜ ከመስጊዱ አጠገብ ዋንዛ ላይ የዋኔ ጎጆ ነበር። አንድ ቀን ወጥቼ ሁለት ጫጩቶች አወረድኩና በኮፍያዬ ይዤ ለጓደኞቼ አሳይ ጀመር። እናቲቱ ከበላያችን እየዞረች ቅርንጫፍ ላይ ታርፋለች፣ ደግሞ ትነሳለች። እኛ እንስቃለን። ሸኻችን ከውዱእ ሲመለሱ ቀና ብለው ወፏን፣ ዝቅ ብለው እኛን አዩ። አልመቱኝም። "ልጇን መልስላት" አሉኝ። ዛፉ ላይ ወጥቼ ኮፍያውን ስከፍት ግን አንዱ ጫጩት ሞቷል። አንዱን መለስኩ፤ ሌላውን መመለስ አልቻልኩም።

የዚያን ዕለት ማታ ሸኻችን አንድ ሐዲስ ነገሩን። አቡ ዳውድ ከዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ሰሓቦች ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ጉዞ ላይ ሳሉ ሑመራ የምትባል ወፍ ሁለት ጫጩቶች አይተው ወሰዱባት። እናቲቱም መጥታ ክንፏን እየዘረጋች ታርገበግብ ጀመር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመለሱ አይተው በልጇ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ልጇም እንዲመለስላት አዘዙ። በጉዞ ላይ ያለ ሠራዊት መሪ የአንዲት ወፍ እናት ጭንቀት አላመለጣቸውም። ሸኻችን ያንን ሐዲስ እኔን ሳያዩ ነበር የተናገሩት፤ ለእኔ መሆኑን ግን አውቄው ነበር።

ለጨዋታ መተኮስን በተመለከተም ሐዲሱ ግልጽ ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ወፍ አስረው በቀስት ዒላማ ሲለማመዱባት የነበሩ ወጣቶችን አግኝተው፣ ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርግን ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደረገሙ ነግረዋቸዋል። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ድንቢጥንም ሆነ ከእርሷ ከፍ ያለን ያለ ሐቋ የገደለ ሰው አላህ ስለ እርሷ ይጠይቀዋል፤ ሐቋም አርዶ መብላት እንጂ ራሷን ቆርጦ መጣል አይደለም። እንግዲህ ልጆቻችን በወንጭፍ መትተው አጥር ሥር ጥለዋት የሚሄዱት ወፍ ጠያቂ አላት። ልጁ ለአቅመ አዳም ባይደርስ እንኳ አይቶ ዝም ያለው አባት ምን ይመልሳል?

ጉጉትና ገድ

ከወንጭፍ ሌላ ወፎችን የሚያስገድል ነገር አለ፤ እርሱም ገድ ማመን ነው። ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸች ሞት ትጠራለች ይባላል። መንገደኛ ወፍ በግራ አለፈችብኝ ብሎ ከጉዞው ይመለሳል። ጠንቋዮች ዓይኗንና ላባዋን ይፈልጋሉ እየተባለም ጉጉት ትታደናለች።

ዐረቦች በጃሂሊያ ዘመን ወፍ አስነስተው ወደ ቀኝ ከበረረች ይሄዱ፣ ወደ ግራ ከበረረች ይቀሩ ነበር። "ጢየራ" የሚለው ቃል ራሱ "ጠይር"፣ ማለትም ወፍ ከሚለው የመጣ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጢየራ መሠረት እንደሌለው ተናግረዋል። በዚያው ሐዲስ "ሃማህ" የሚባለውንም ውድቅ አድርገዋል፤ ከዑለማኦች ከፊሉ ሃማህን ዐረቦች ገደ ቢስ የሚሏት ጉጉት ናት ብለው አብራርተዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ጉጉት ቤታችን አጠገብ የምትመጣው አይጥ ስላለ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እህላችንን ከሚበላው አይጥ ጋር ስትታገል ታድራለች፤ እኛ ደግሞ ጠዋት በድንጋይ እናባርራታለን። ጥቅምና ጉዳት በአላህ እጅ ብቻ መሆኑን ያመነ ሰው ጉጉት ስትጮህ ቢሰማ ልጆቹን ቀስቅሶ "ኑ ስሟት" ማለት ነው ያለበት።

ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ወፍ በጎጆ ይዞ ማሳደግ ይፈቀዳል ወይ? ብዙዎች ይጠይቃሉ። አቡ ዑመይር የተባለው ሕፃን ኑገይር የምትባል ትንሽ ወፍ ነበረችው። በሞተችበት ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያዝን አይተው በለስላሳ ቃል እያጫወቱ ስለ ወፏ ጠይቀውታል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ዑለማኦች ከዚህ ተነስተው ምግቧና ውኃዋ ከተሟላ፣ ካልተሰቃየችም መያዝ ይቻላል ብለዋል። ድመቷን ዘግታ ባለመመገቧ የተቀጣችው ሴት ሐዲስም አብሮ መነሳት አለበት። እኔ ግን እመክራችኋለሁ፤ ከታሰረች አንዲት ወፍ በፈቃዷ የምትመጣ ወፍ ለልጆቻችሁ የበለጠ ታስተምራለች።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ቁራና ጭልፊት በሐረም እንኳ እንዲገደሉ ከተፈቀዱት አምስት እንስሳት ውስጥ አይደሉም ወይ? የሚል ነው። አዎ፣ ሐዲሱ ሶሒሕ ነው። ፈቃዱን ከጉዳታቸው ጋር አያይዘው ያብራሩ ዑለማኦች አሉ። ጫጩት የሚነጥቅን ጭልፊት መከላከል አንድ ነገር ነው፤ ማንንም ያልነካን ወፍ ለጨዋታ መምታት ሌላ ነገር ነው። በአንጻሩ ሁድሁድንና ሱረድ የተባለችውን ወፍ ከጉንዳንና ከንብ ጋር አንገድል ዘንድ የተከለከልንበት ሐዲስም በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ሁድሁድ በአገራችን ትገኛለች፤ አናቷ ላይ እንደ ዘውድ የሚከፈት ላባ አላት፤ ረጅምና ጎበጥ ባለ አፏ መሬት እየቆፈረች ትል ትፈልጋለች። ልጆቻችሁ ሱረቱን ነምልን ሲቀሩ "ያቺ ናት" ብላችሁ ብታሳዩዋቸው አይረሱትም።

እንዴት እንመልከት?

አንደኛ፣ ጊዜ እንምረጥ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ እስከ ረፋድና ከዐስር በኋላ ወፎች በብዛት ይንቀሳቀሳሉ። ዚክራችንን እያደረግን ግቢ ውስጥ መቀመጥ እንችላለን።

ሁለተኛ፣ አንከተላቸው። በአንድ ቦታ ዝም ብለን እንቀመጥ፤ እነርሱ ይምጡ። በቀጥታ ወደ ወፏ አንሂድ፤ እጃችንንም ድንገት አናንሳ። እናቴ ወፍ ለማቅረብ አስባ አታውቅም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በዝግታ መቀመጧ ብቻ አቀረባቸው።

ሦስተኛ፣ ውኃ እናስቀምጥ። ጠለቅ ያላለ ሰፋ ያለ ሣሕን፣ መሐሉ ላይ ማረፊያ ድንጋይ ያለበት ይበቃል። ውኃውን በየቀኑ እንለውጥ። ነፍስ ያለውን ሁሉ በማጠጣት አጅር እንዳለ በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሮናል። ሙስሊም ዘርቶ ወይም ተክሎ ወፍ ብትበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለትም እንዲሁ። ጥሬ እህል ደህና ነው፤ የሻገተ እንጀራና ጨው የበዛበት ትርፍራፊ ግን ይጎዳቸዋል።

አራተኛ፣ ጎጆ እንተው። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ከሩቅ እንመልከት። ላባ ያላወጣ ጫጩት ከጎጆው ወድቆ ካገኘን ቀስ አድርገን ወደ ጎጆው እንመልሰው፤ ሰው ስለነካው ብቻ እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ለአብዛኞቹ ወፎች እውነት አይደለም። መስጊድ ወይም ቤት ስናድስ ጎጆ ካገኘን ጫጩቶቹ እስኪበሩ ያንን ጥግ ለጥቂት ሳምንታት ብናቆየው አንጎዳም።

አምስተኛ፣ የታመመች ወይም ሞታ የተገኘች ወፍ በባዶ እጅ አንንካ። በርድ ፍሉ የመሳሰሉ በሽታዎች ከወፍ ወደ ዶሮ፣ አልፎ አልፎም ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ብዙ ወፎች በአንድ ቦታ ሞተው ከታዩ ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንናገር። ከተመለከትን በኋላም እጃችንን እንታጠብ።

ስድስተኛ፣ ባይናኩላር ያለው ሰው ወደ ጎረቤት ግቢና መስኮት እንዳያዞረው ይጠንቀቅ። ወፍ መመልከት ሰውን መሰለል አይደለም፤ ዓይንን መስበር እዚህም ግዴታ ነው።

ሰባተኛ፣ ልጆች ያዩትን በደብተር ይጻፉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቀለሙን፣ ድምፁን። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ስለተመዘገቡ ደብተሩ በቀላሉ አይሞላም። በባሌ ሶፍ ዑመር አካባቢ ያለች አንዲት ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር አትገኝም። መጻፍ የተሳሳተ ግምትንም ያርማል። ሕዝቡ "የመስቀል ወፍ" የሚላት ለምሳሌ በመስከረም ብቻ መጥታ የምትጠፋ ይመስለናል። እውነቱ ግን ወንዱ በክረምት ማብቂያ ደማቅ ላባ ይለብሳል፤ ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ እዚያው መሐላችን ይኖራል። ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን አለ፤ እኛ ነን የማናየው።

ልኩ እስከ የት ነው?

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ እንደዘገቡት አቡ ጦልሓ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) በአትክልት ቦታቸው ሲሰግዱ አንዲት ወፍ ገባች። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር መውጫ አጥታ ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። አቡ ጦልሓ ይህ አስደስቷቸው በዓይናቸው ተከተሏት። ወደ ሶላታቸው ሲመለሱ ስንት ረከዓ እንደሰገዱ ጠፋቸው። ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄደው የሆነውን ነገሯቸውና አትክልት ቦታውን ለአላህ ሲሉ ሰደቃ ሰጡ።

ያ ወፍ ይዞ ይጫወት የነበረው አቡ ዑመይር የእኚሁ የአቡ ጦልሓ ልጅ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ልጁ በወፍ ሲደሰት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሉትም፤ አባትየው ደግሞ ደስታው ከሶላት ሲበልጥበት ልኩን አወቀ። መንገዳችን ይኸው ነው። በወፏ እንደሰት፤ ደስታው ግን ወደ ፈጣሪዋ ያድርሰን እንጂ ከእርሱ አያዘናጋን።

ልጄን ወንጭፉን ነጥቄ ልጥልበት እችል ነበር። ነገር ግን ሌላ እንደሚሠራ ስለማውቅ ከእናቴ ጎን ሌላ ዱካ አስቀምጬ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ጠዋት ጠዋት ስንዴ እንዲለቅምላት ጠየቅሁት። በመጀመሪያው ቀን አንድም ወፍ አልወረደም። እናቴም "በአንተ የተነሳ ቁርሳቸውን አጡ" ብላ ሳቀችበት። እርሱ ግን አልሳቀም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አጥር ላይ ሆነው ያዩት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ድንቢጥ ወረደችና ከእግሩ ጣት ፊት ለፊት አንድ ፍሬ አንስታ ሄደች። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት እስኪወጣ ድረስ ለማን እንደሚነግር ጨንቆት ዋለ።

ወንጭፉ ኪሱ ውስጥ የለም። የት እንዳደረገው አልጠየቅሁትም። ወፎቹ ግን እስካሁን ድንገት ሲነሳ ብር ይላሉ፤ እናቴ ስትነሳ ግን ዞር ብለው ብቻ ያያሉ። አማንን ለማፍረስ አንድ ድንጋይ ይበቃል፤ መልሶ ለመገንባት ብዙ ጠዋት ያስፈልጋል። ልጄ ይህን አሁን ያውቃል። እኔም ዋንዛው ላይ ተምሬዋለሁ።

እናንተም ነገ ከሱብሒ በኋላ ግቢያችሁን ተመልከቱ። ወፎቹ ከማን ይሸሻሉ? ወደ ማንስ ይቀርባሉ?

አላህ (ሱ.ወ) ተዓምራቱን አይተው ከሚያስተውሉት፣ ለፍጡራኑ ከሚያዝኑትና እርሱም ከሚያዝንላቸው ያድርገን። ልጆቻችንን ርኅሩኅ ያድርግልን። በማወቅም ባለማወቅም በፍጡራኑ ላይ የሠራነውን በደል ይማረን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።